ሌባን ከአገር ማጋዝና በአገር ማስቀረት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ከሸዋው ደጋ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም በጎጃም በኩል ያለውን ገደል በጠመዝማዛ መንገድ ሲጨርስ ደጀን ይደርሳል። ደጋው ሜዳ፥ የጤፍና የከብት አገር ነው፤ ቆላው ግን ሞቃት፥ ገደላማና ሰው የማይበዛበት ነው። ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ድልድይ ሳይሠራ በነበረበት ዘመን ዐባይ በክረምት ሲሞላ ጎጃምን ከሸዋ ፈጽሞ ይለይ ስለ ነበረ፥ በደለኛ ሆኖ ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው ባሕር እንደ ተሻገረ ያህል ይቆጠር ነበር። ማዶ የሚሻገረው ግን ራሱ ሸሽቶ እንጂ ዳኛ ፈርዶበት አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር መሐረብ ወይም ሸሚዝ የሰረቀ ሰው በንጉሥ ስም ተፈርዶበት፥ በብረት ታስሮ፥ በመርከብ ተጭኖ የምድርን ግማሽ ዞሮ ወደ አውስትራልያ ይጋዝ ነበር። በደጀን አፋፍ በሬ የሰረቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሬ በሰረቀበት ቀበሌ ይቀር ነበር። ሁለቱም አገሮች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሁለቱም «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ከአንድ መጽሐፍ ያነብባሉ። ስለ ሌባው ያሰቡት አሳብ ግን እጅግ የተራራቀ ነው። (ዘመን ሲጠቀስ የኢትዮጵያ ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ የባሕር ማዶው ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጽፏል።)

የእንግሊዝ ሕግ ስርቆትን በዋጋ ይለካው ነበር። የተሰረቀው ዕቃ ከአንድ ሽልንግ፥ ማለት ከ12 ፔንስ በታች ሲሆን ጥፋቱ ትንሽ ሌብነት ይባላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ታላቅ ሌብነት ይሆናል። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሞት የሚያስፈርዱት ጥፋቶች ከ200 በላይ ደርሰው ነበር፤ በግ መስረቅም እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ከነዚሁ ጋር ይቈጠር ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ ሰው በስቅላት መሞት ሲገባው፥ ፍርድ ለመስማት የተቀመጡት የአገር ሰዎች አዝነውለት የዕቃውን ዋጋ 39 ሽልንግ ነው ብለው ይወስኑለት ነበር። ዕቃው ምንም ያህል ዋጋ ቢኖረው ቍጥሩ ከ39 አያልፍም። ሰዎቹ ምለው ሐሰት ተናገሩ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሕጉ እጅግ ጨካኝ ስለ ነበረ ምሕረት የሚገባበት ሌላ በር አልተገኘለትም።

በሞትና በግርፋት መካከል የሆነ ቅጣት በመፈለግ በ1718 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሌባውን ለ7 ዓመት ወደ አሜሪካ ቅኝ አገሮች የማጋዝን ሥልጣን ለዳኞች ሰጠ። ወደ 50000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ አኳኋን ተሻገሩ፤ የሚበዙትም በቨርጂንያና በሜሪላንድ ለጌቶች ተሸጠው የቅጣታቸውን ዘመን በሥራ ጨረሱ። በ1775 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ በተነሡ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። እስረኞቹ ከ1776 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ይታጐሩ ጀመር፤ መርከቦቹም ሲሞሉ መንግሥቱ አዲስ ምድር ፈለገ። በግንቦት ወር 1787 እ.ኤ.አ. 11 መርከቦች በአርተር ፊሊፕ መሪነት ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሥተው፥ ከ8 ወር በላይ ተጕዘው በጥር 1788 እ.ኤ.አ. አውስትራልያ ደረሱ። የጫኑት ግዞተኛ ከ700 ይበልጥ ነበር። ከነዚህ መካከል ጆን ሀድሰን የሚባል ጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ነበረ፤ ልብስና አንድ ሽጉጥ ሰርቀሃል ተብሎ የ7 ዓመት ግዞት ሲፈረድበት ዕድሜው 9 ዓመት ነበር። ወደ መርከቡ ሲገባ 13 ዓመቱ ነው።

ከዚያ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ድረስ ባሉት 80 ዓመታት ወደ 160000 የሚሆኑ ሰዎች ተጋዙ፤ ከነዚህም 25000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ቅጣቱ 7 ዓመት፥ 14 ዓመት፥ ወይም እስከ ዕድሜ ልክ ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. በደረሱት በሁለተኞቹ መርከቦች ከተጫኑት ውስጥ ሩብ ያህሉ በጕዞ ላይ ሞተዋል። ዘመኑን የጨረሰ ሰው ነጻ ይባላል፤ መመለሻ የመርከብ ዋጋ ግን መንግሥት አይሰጠውም። ስለዚህ የ7 ዓመቱ ቅጣት ለድሃ ሰው ከዕድሜ ልክ ቅጣት ብዙ አይለይም ነበር። የሚበዙት በዚያው ቀርተው መሬት አረሱ፤ ቤተ ሰብ መሠረቱ፤ አንዳንዶቹም ባለጸጎች ሆኑ። የዚህ ሁሉ ዋጋ የወደቀው ግን በማንም ፊት ባልተከሰሱ ሰዎች ላይ ነው። ሲድኒ በተቆረቆረችበት ጠረፍ ይኖሩ የነበሩት የኢዮራ ሰዎች በ1789 እ.ኤ.አ. በገባው ፈንጣጣ ግማሽ ያህላቸው አለቁ፤ ምድሪቱም ባለቤት እንደሌላት ተቈጥራ ያለ ውልና ያለ ዋጋ ተወሰደች። የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን «ባለቤት የሌላት ምድር» የሚል አሳብ የሻረው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። መሐረብ ሰራቂውን ሲያግዝ የነበረው ሕግ ስለዚህኛው ነገር 200 ዓመት ያህል ዝም ብሎ ነበር።

ወደ ጎጃም ሲመለሱ ሌላ ሚዛን ይገኛል። የስርቆት ነገር በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ከኦሪት ይጀምራል። በዘፀአት እንደ ተጻፈ በሬ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ስለ አንድ በሬ አምስት፥ ስለ አንድ በግ አራት ይከፍላል፤ የሚከፍለው ባይኖረው ስለ ሰረቀው ይሸጣል። ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተገኘን ሌባ የገደለ ሰው ደም የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከገደለው ግን ደም አለበት። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሌቦች ሲናገር ካሣን ከአካል ቅጣት ጋር ያያይዛል። በኦሪቱ ሚዛን የቅጣቱ መጀመሪያ ዕቃው የጠፋበት ሰው ነው። እንግሊዙ ሌባውን ወደ አውስትራልያ ሲያግዘው መሐረቡ የጠፋበት ሰው ከዚያ መርከብ ምን እንዳተረፈ ለማወቅ አይቻልም፤ ካሣ ከቅጣቱ ጋር አልተጻፈምና።

ለገበሬው ግን ከመጽሐፍ ሕግ ይልቅ የአገር ልማድ ይቀርበው ነበር። ሌባው በታወቀ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ከሳሹ «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ያቆመዋል፤ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው መቆም ግዴታው ነው። ሁለቱም የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ይህም ቍራኛ ይባላል። ዳኛ እስኪገኝ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ፤ ዋስ የጠራ ግን ይፈታል። ዋስ ማለት በዚህ አገር ሥርዓት ትልቅ ነገር ነው። ዋስ የማያገኝ ሰው ዘመድ የሌለው፥ በቀበሌው የማይታወቅ ሰው ነው፤ ሥርዓቱም የሚጨክንበት በዚህ ሰው ላይ ነው።

ችግሩ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ በሸዋ አፈርሳታ፥ በጎጃምና በሌላውም የሰሜን አገር አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ይያዛል። ጭቃ ሹሙ በአካባቢው የሚኖሩትን ወንዶች ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰቡ ያዝዛል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ይጠረጠራልም። ከተሰበሰቡት መካከል የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ከዚያም ሕዝቡ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይማላል። ያየ ወይም የሰማ ሰው በግልጽ ተነሥቶ «እገሌ ነው» ለማለት ስለሚፈራ ለሽማግሌዎቹ በስውር ይነግራል። ይህ ስውር ነጋሪ «ወፍ» ይባላል። ወፉ ማን እንደ ሆነ አይገለጽም፤ ሽማግሌዎቹ ብቻ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። ስሙ የተጠራው ሰው ቢያምን ይከፍላል፤ ቢክድ ተከራክሮ ራሱን ያነጻል። ምንም ያልተገኘ እንደ ሆነ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ አሁንም ካልተገኘ የበሬውን ዋጋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አዋጥቶ ይከፍላል።

አውጫጭኝ ከብዙ ወገን ተነቅፏል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። በመኸር ወራት መቶ ወይም ሁለት መቶ ገበሬ ከሥራው ተነሥቶ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ የሚባክነው እህል ከተሰረቀው በሬ ዋጋ ይበልጣል። ወፍ የሚባለውም ቂመኛ ሊሆን ይችላል፤ የድንበር ጠላቱን በስርቆት ስም የሚያጠቃ አይጠፋም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን አሳብ መናቅ አይገባም። በአውጫጭኝ ዐይን ስርቆት በአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ጥፋት አይደለም፤ ሌባው በአንድ ቤት ያድራል፤ በሬውም በአንድ መንገድ ይነዳል፤ ስለዚህ ያየ ሰው አለ። ያየ ሰው ዝም ካለ ከሌባው ጋር ዕዳ ይካፈላል። እንግሊዞች ሌባውን ከመካከላቸው አውጥተው ወደ ማይታይበት ሲልኩት ቀበሌው ከዕዳው ነጻ ይሆናል፤ በጎጃሙ ሥርዓት ግን ቀበሌው ራሱ ተከሳሽ ነው።

የሌባ ሻይ ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ ስለ እርሱ ደግ ለመናገርም ያስቸግራል። ሌባ ሻይ የሚባለው ሹም አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ያሰክረዋል፤ በወገቡም መቀነት አስሮ ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ በስካር እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ገብቶ ከተኛበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ምስክር አይሰማም፤ ክርክርም የለም። ሹሙ መቀነቱን ወደ ወደደበት ለመሳብ እንደሚችል ግልጽ ነው፤ ልጁም በመድኃኒቱ የሚጎዳው ጕዳት ለማንም አይታሰብም ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርታት መንግሥት ይህን ልማድ በከለከለ ጊዜ ሕዝቡ ብዙ አላዘነለትም። በአውጫጭኝና በሌባ ሻይ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል፤ አንደኛው በሰው ቃል ይፈርዳል፥ ሁለተኛው ቃል በሌለው ሕፃን።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷ መንገድ ነበራት። ዕቃ የጠፋበት ሰው ወደ ካህን ሄዶ ያላወጣ ሰው እንዲወገዝ ይለምናል፤ ካህኑ በሕዝብ ፊት ግዝት ያስተላልፋል። የተወገዘ ሰው ከቅዳሴ፥ ከማኅበርና ከዝክር ይለያል፤ ሲሞትም የቀብሩ ነገር ያስፈራዋል። ግዝትና ግዞት በድምፅ የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ በሥራቸውም አይራራቁም። ግዞት ሰውን ከምድሩ ይለየዋል፤ ግዝት ግን በምድሩ ላይ እያለ ከሰው ይለየዋል። ብዙ የተሰረቀ ዕቃ ከዳኛ ፍርድ ይልቅ በግዝት ፍርሃት ሌሊት ከባለቤቱ ደጅ ተጥሎ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ሲባል የጎጃም ሌባ በለዘብታ ይታለፍ ነበር ማለት አይደለም። ስርቆት የደጋገመ ሰው፥ ይልቁንም መንገድ ላይ የሚዘርፍ፥ እጁን ይቈረጥ ነበር፤ አንዳንዴም እግሩን። ደሙ እንዲቆም ቍስሉ በፈላ ቅቤ ይነከራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች እጃቸው የተቆረጠ ለማኞችን በየገበያው ማየታቸውን ጽፈዋል። እጅ የተቈረጠ ገበሬ ሞፈር ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ በአገሩ ቢቀርም እንደ ሰው አልቀረም። ከዚህ ቅጣትና ከአውስትራልያ መርከብ አንዱን ምረጥ ቢባል መርከቡን የሚመርጥ ብዙ ሰው እንደሚኖር አይጠረጠርም።

ታዲያ ጎጃም ሌባን ከአገር ያላጋዘው ስለ ምን ነው? ባሕርና መርከብ ስላልነበረው ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ መልሱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ዐባይ አለ፤ ከዐባይ ማዶም ሰፊ አገር አለ። ዋናው ምክንያት ርስት ይመስላል። በጎጃም የመሬት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው በአባቱም በእናቱም ወገን ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መወለዱን ቈጥሮ ነው። አለን ሆበን የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ሥርዓት በደጋ ዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ አንድ ገበሬ በብዙ አባቶች ስም በብዙ ቦታ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ መብቱም ከአገር በመራቁ አይጠፋም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ዳኛ ሌባውን ከአገር ቢያስወጣው ርስቱን ሊያስወጣለት አይችልም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ተመልሶ «አባቴ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ይሟገታል። የእንግሊዝ ድሃ ግን ቀድሞውኑ ከመሬት የተነቀለ ነበር። የጋራ ግጦሽ መሬቶች በአጥር ሲታጠሩ የገጠሩ ሰው ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች ከተሞች ፈለሰ፤ በከተማም ሥራ ያላገኘ ሰረቀ። ሥር የሌለውን ሰው ከቦታ ወደ ቦታ መጣል ቀላል ነው።

ይህ አስተያየት በሌላ ወገን ሲታይ ይጸናል። በጎጃምም ርስት የሌለው ሰው ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ የወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ የዝባድ፥ የቡናና የአሞሌ መለዋወጫ ሲሆን፥ ከዐባይ ማዶ የሚመጡ ባሮችም ይሸጡበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ሳይሰርቁ ተሰርቀው፥ ሳይፈረድባቸው የተጋዙ ናቸው። ሕግ ሌባውን ከአገሩ ለማውጣት እየተቸገረ፥ ንጹሑን የሌላ አገር ሰው ከአገሩ አውጥቶ ለመሸጥ አልተቸገረም። ስለ አገር ልማድ ደግነት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ማለፍ ይቀናቸዋል።

ሸሽቶ የሚሄድ ሌባ ግን ነበረ። ከደጀን አፋፍ ወደ ታች የሚወርደው ቆላ መሸሸጊያ ነበር፤ ወባው፥ ሙቀቱና ገደሉ የሹም ጭፍራ እንዳይደፍረው ያደርጋል። ደም ያለበትም፥ ከብት የነዳም፥ ከሹም የተጣላም እዚያ ይወርዳል፤ ሽፍታ የሚባለውም ከነዚህ ይበቅላል። ሌላው ደግሞ ወደ ደብር ገብቶ ደወል ደውሎ ይማጸናል። በዚህም በዚያም ዘመድ ሽማግሌ ልኮ ካሣ ሲከፍል ሰውየው ወደ ቀዬው ይመለሳል። መመለሻ መንገዱ እንዳይዘጋ ማድረግ የሽማግሌዎች ዋና ሥራ ነበር።

ድርቅና ረሀብ በመጣ ጊዜ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተጣልተው ጎጃምን በሠራዊታቸው ባጠፉ ጊዜ የገበሬው ከብትና እህል በጠራራ ፀሐይ ተወሰደ፤ ወዲያውም የከብት በሽታ ገብቶ ክፉ ቀን የሚባለው ረሀብ አገሩን ሁሉ ያዘ። ወታደር ሲዘርፍ ምርኮ ይባላል፤ ረሀብተኛ ሲወስድ ስርቆት ይባላል። ለወታደሩ አውጫጭኝ አልተጠራበትም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ግዞት የሚባለው ቅጣት የታላላቆች ቅጣት ነው። የንጉሥ ልጆች እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአምባ ግሸን፥ በጎንደር ዘመን በወኅኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን እስር ቤት ባደረጉ ጊዜ ከታሰሩት መካከል በኋላ ዐፄ የሆኑት ምኒልክ ነበሩ፤ አቡነ ሰላማም በዚያው ዐረፉ። በጎጃምም ቢሆን በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሽረው የታሰሩት ራስ ኀይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ቤት በማስወጣት ነገር ተከስሰው እንጂ በሬ ሰርቀው አይደለም። እንግሊዝ ትንሹን ሰው ያግዛል፤ ትልቁ በሎንዶን ይቀራል። ኢትዮጵያ ትልቁን ታግዛለች፤ ትንሹ በቀዬው ይቀጣል። ምክንያቱ አይሰወርም፤ በዚህ አገር የሚያስፈራው ሰው ወገን ያለው ነው፤ ወገን ያለው ደግሞ ከወገኑ ካልተለየ አይደክምም።

የሁለቱ አገሮች ታሪክ ፊት ለፊት የተገናኘበት ዓመት 1860 ነው። የመጨረሻዋ የግዞተኞች መርከብ ሁጎሞንት ምዕራብ አውስትራልያ ፍሪማንትል ወደብ የደረሰችው በዚያ ዓመት በጥር ወር ነበር። በዚያው ሰሞን ጄኔራል ናፒየር ሠራዊቱን ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ለመዝመት ይሰናዳ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ ከግምጃ ቤቱና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያወጡት ዕቃ በ15 ዝሆንና 200 ያህል በሆኑ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተደርጎ የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከሠራዊቱ ጋር ልኮ ስለ ነበረ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ወደዚያ ቤት ገቡ። የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በዚያው ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ።

በሎንዶን ሕግ ሚዛን አንድ ጽዋ ከአንድ ሽልንግ በላይ ያወጣል። ሆኖም ይህ ስርቆት አልተባለም፤ የጦር ምርኮ ተባለ። በእንግሊዞችም መካከል ነገሩ ያሳፈራቸው አልታጡም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በ1871 እ.ኤ.አ. በምክር ቤት ዕቃዎቹ ወደዚያ መምጣታቸው እጅግ እንዳሳዘነው ተናግሯል። ዐፄ ዮሐንስ ስለ ጠየቁም በ1872 እ.ኤ.አ. አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። የዐፄ ቴዎድሮስ ቆብና ማኅተም ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጐበኙ ጊዜ ተመልሰዋል፤ የሚበዛው ግን በዚያው ነው። በአውጫጭኝ ሥርዓት የተሰረቀ ዕቃ በቀበሌው ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ዕቃውን ያቆየ ሁሉ ባለዕዳ ይሆን ነበር፤ በሙዚየም ሕግ ግን ዕቃው በቆየ ቍጥር የባለቤትነቱ መብት ይጸናል።

ኢትዮጵያውያን በእውነት በመርከብ የተጋዙት በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዝያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ 400 ያህል መኳንንትና የታወቁ ሰዎች ወደ ኢጣልያ ተወስደው በአሲናራ ደሴትና በሌላም ቦታ ተቀመጡ፤ ሌሎች ብዙዎች በሶማልያ ወደ ዳናኔ፥ በቀይ ባሕርም ወደ ኖክራ ደሴት ተላኩ። በነዚህ በሁለቱ የሞተው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኀይለ ሥላሴም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ አካባቢ ከተያዙ በኋላ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ ታስሯል። በዚህ ጊዜ የተጋዘ አንድም ሌባ የለም፤ የተጋዙት አገራቸውን ለሌባ አንሰጥም ያሉ ናቸው።

ከነጻነት በኋላ የወጡት ሕጎች ነገሩን ለወጡት። ከወረራው በፊት በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል መቅጫ ሕግ በፍትሐ ነገሥት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፥ በ1949 ዓ.ም. የወጣውና ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ማንም ኢትዮጵያዊ ከግዛቱ ውጭ እንዳይባረር ከልክሏል። ስርቆት እንግዲህ በመንግሥት ላይ የተሠራ ወንጀል ሆነ፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፥ ቅጣቱም እስራት ነው። መቀጮ ቢኖር ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ ሕግም በዚሁ መንገድ ቀጠለ።

በገጠሩ ግን ይህ ለውጥ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ትቷል። በሬው የጠፋበት ገበሬ ሌባው ደብረ ማርቆስ ታስሮ ሲቀመጥ ማረሻ የሚጐትትለት አያገኝም፤ የበሬውን ዋጋ ለማግኘት ካሣ በፍርድ ቤት መጠየቅ፥ ምስክር ማቅረብ፥ ቀጠሮ መመላለስ አለበት። በዚህ ምክንያት ዳኛው የወንጀሉን ነገር በሚያይበት ጊዜ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የበሬውን ዋጋ ይቈርጣሉ፤ የሌባው ዘመዶች ያዋጣሉ፤ ባለ በሬውም ተቀብሎ ይምላል። አንዳንድ ጊዜ የዘመዶቹ ገንዘብ ሲከፈል ምስክሮቹ በፍርድ ቤት ያዩትን ይረሳሉ። ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ይቈጣል፤ ባለ በሬው ግን በሰኔ መሬቱን አርሷል።